ላልዳነ መኪና ዋጋ ይከፈላልን? በጋራዥና በደንበኛ መካከል ስለሚነሣው ክርክር



ስለ ፍትሕ በምንናገርበት ጊዜ አሳባችን ዘወትር ወደ ታላላቆቹ ነገሮች ይሮጣል፤ ወደ መንግሥታት፣ ወደ ጦርነት፣ ወደ መሬትና ወደ ሀብት ክፍፍል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው ፍትሕን የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በችርቻሮ ነው፤ በእህል ሚዛን ላይ፣ በልብስ ሰፊው ቤት፣ በግንበኛና በአሠሪው መካከል፣ በጋራዥ በር ላይ። ከእነዚህ ሁሉ በዚህ እትም የመረጥነው የመጨረሻውን ነው። በየቁምስናው ለሽማግሌዎችና ለካህናት ከሚቀርቡት ክሶች መካከል የመኪና ጥገና ክርክር ጥቂት አይደለም፤ ከሳሹም ተከሳሹም ብዙ ጊዜ በአንድ ቅዳሴ የሚቆሙ፣ ከአንድ ማእድ የሚካፈሉ ሆነው እናገኛቸዋለን። ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም በእንዲህ ያለው ጉዳይ አስታርቁን ተብለው ሲጠሩ ምን እንደሚሉ ይቸገራሉ።

ነገሩ በዐይን እንዲታይ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንድ ሰው በሚኒባስ ታክሲ ቤተሰቡን ያስተዳድራል እንበል። መኪናው ዳገት ላይ መሞቅ ይጀምራል፤ ውሃም ይጨርሳል። ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ያይና «ራዲያተሩ ተደፍኗል» ይላል። ራዲያተሩ ይወርዳል፣ ይታጠባል፣ የሚያፈሰው ቦታ ይበየዳል፤ ሒሳቡም ይከፈላል። በሳምንቱ መኪናው እንደገና ይሞቃል። «እንግዲያው የውሃ ፓምፑ ነው» ይባላል፤ ፓምፑ ይለወጣል፤ ይህም ይከፈላል። በዚያው መንገድ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ይጣላል፤ ይህ በአገራችን ጋራዦች ዘንድ እንደ መድኃኒት የተለመደ ነገር ነው። መኪናው ግን አሁንም ይሞቃል። በመጨረሻ ሞተሩ ሲከፈት ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ፣ ቴስታታው ተጣምሞ ይገኛል። ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ይስተካከላል፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ይገባል፤ መኪናው ይድናል። ሂሳቡ ሲቀርብ ባለቤቱ እንዲህ ይላል፦ «እኔ የምከፍለው ለመጨረሻው ሥራ ብቻ ነው፤ ለፊተኞቹ ሁለት ሥራዎች የወሰድከውን ከዚህ ላይ ቀንስልኝ፤ እንዲያውም መኪናዬ ለቆመባቸው ቀናት ካሣ ይገባኛል።» መካኒኩም ይመልሳል፦ «ራዲያተሩ በእውነት ተደፍኖ ነበር፤ ፓምፑም ያፈስ ነበር፤ በእጄ ሠርቻለሁ፤ የሠራሁበትን ለምን እመልሳለሁ?»

ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ችግሩም ይኸው ነው። ስለ ሌባ መካኒክ መፍረድ ቀላል ነው፤ ስለ ከዳተኛ ደንበኛ መፍረድም እንዲሁ። ሕሊናን የሚያስጨንቀው ግን በመካከላቸው ሌባ በሌለበት ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ነው፦ በቅን ልቦና የተሠራ፣ ነገር ግን የታመመውን ያላዳነ ሥራ ዋጋ ይገባዋልን?

ጉዳዩን ይበልጥ የሚያወሳስብ ሌላም ነገር አለ። ቴስታታ የሚጣመመው ሞተር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ነው። እንግዲህ ይህ ቴስታታ መቼ ተጣመመ? መካኒኩ የመጀመሪያውን ምክንያት በሳተባቸው ሁለት ሳምንታት ነውን? ወይስ ባለቤቱ የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ መጠጋቱን እያየ «ይህችን አንድ ምልልስ ልጨርስ» ብሎ ሲነዳ? የብረቱ ገጽ ይህን አይነግረንም። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም እጃቸው አለበት፤ ሁለቱም የየራሳቸውን እጅ አያዩም።

በመሠረቱ የጋራዥ ክርክር ሥሩ ገንዘብ ሳይሆን የእውቀት አለመመጣጠን ነው። ሥጋ የሚገዛ ሰው ሥጋውን ያያል፤ ጨርቅ የሚገዛም ጨርቁን በጣቱ ይዳስሳል። መኪናውን ለጥገና የሚያስገባ ሰው ግን የሚገዛውን ነገር አያየውም፤ ቢያየውም አያውቀውም። የሙያው ቋንቋ እንኳ የራሱ ነው። አብዛኛው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ስለሆነ ጓርኒሲዮን፣ ባልቢላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እየተባለ ሲነገረው ደንበኛው በማያውቀው ቋንቋ ጸሎት እንደሚሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ በመጨረሻም «እሺ» ይላል። ይህ «እሺ» ፈቃድ ነው ወይ? በሥነ ምግባር ትምህርት እውነተኛ ፈቃድ የሚባለው የሚፈቅደውን ነገር በሚያውቅ ሰው የተሰጠ ነው። ስለዚህም መካኒኩ የደንበኛውን «እሺ» እንደ ጋሻ ሊይዘው የሚችለው ነገሩን በሚገባው ቋንቋ ካስረዳው በኋላ ብቻ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ሕጉ በዚህ ከሕሊና ጋር አንድ ቃል ይናገራል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 እንዲህ ያለውን ውል ሲተረጉም፣ አንዱ ወገን በራሱ ኀላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ሌላውም ስለዚሁ ዋጋ ለመክፈል የሚገቡት ውል መሆኑን ያመለክታል። ውጤት የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ ድካምን ሳይሆን ፍሬን ይመለከታልና። ከዚህ ተነሥተው «መኪናው ካልዳነ ምንም አይከፈልም» የሚሉ አሉ። እኛ ግን እዚህ ላይ ቆም ብለን ውጤቱ ምን ነበር ብለን መጠየቅ አለብን እንላለን። ደንበኛው ገብቶ «ፓምፕ ለውጥልኝ» ብሎ ከሆነ፣ የጠየቀው ውጤት የተለወጠ ፓምፕ ነው፤ ፓምፑ በደንብ ከተለወጠ ሙቀቱ ባይጠፋም መካኒኩ ያለበትን ፈጽሟል። «ሙቀቱን አጥፋልኝ» ብሎ ከሆነ ግን የጠየቀው ሌላ ነው። በአገራችን ደንበኛው የበሽታውን ስም ከጎረቤቱ፣ ከሹፌር ጓደኛው ወይም ከዘመዱ ሰምቶ መምጣቱ የተለመደ ነው። በሌላ ሰው ምክር «ፓምፕ» ብሎ የመጣ ሰው በኋላ «ለምን ሙቀቱ አልጠፋም» ብሎ መካኒኩን ሊከስስ አይገባውም። መካኒኩም ቢሆን ፓምፑ ደኅና መሆኑን እያወቀ «ራሱ ነው የጠየቀው» ብሎ ቢለውጥ ከበደል ነጻ አይደለም።

መካኒኮች ራሳቸው ደግሞ «እኛም እንደ ሐኪም ነን፤ ሐኪም ለፈውስ ዋስ አይሆንም» ይላሉ። ንጽጽሩ በከፊል ብቻ ትክክል ነው። የሰው አካል የሰው ሥራ አይደለም፤ መኪና ግን ክፍሉ ሁሉ በሰው የተሠራና የተለካ ነው። ይሁን እንጂ እውነቱን እንናገር፤ ብዙ ዓመት ያገለገለች፣ ዕቃዋ ከየአገሩ የተሰበሰበ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዋ በአምስት ሰው እጅ የተቀጣጠለ አንዲት አሮጌ መኪና ከማሽን ይልቅ አካልን ትመስላለች። መኪኖቻችን ያረጁት ደግሞ ባለቤቶቻቸው ስለወደዷቸው አይደለም፤ ሌላ ለመለወጥ አቅም ስለሌለ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ፣ በእጅ ያለችውን እየጠገኑ መንዳት ግድ ሆኗል። በኤሌክትሪክ ለሚሠሩትና ለአዳዲሶቹ መኪኖች በኮምፒውተር የሚደረገው ምርመራም ቢሆን ጥርጣሬን ፈጽሞ አያስወግድም። ኮምፒውተሩ አንድን ሴንሰር ከሰሰ ማለት ሴንሰሩ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ምስክር ሆኖ ያየውን መናገሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ምርመራ ሳያደርግ የተከሰሰውን ሁሉ እያወጣ የሚለውጥ መካኒክ ምስክሩን እንደሚሰቅል ዳኛ ነው።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ምዕተ ዓመት በደረሰው «ሱማ ቴዎሎጂካ» በተባለው ድርሳኑ በሁለተኛው ክፍል፣ በጥያቄ 77 ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ሲያስተምር ለጉዳያችን የሚጠቅም ልዩነት ያደርጋል። ሻጭ የዕቃውን ጉድለት እያወቀ ቢሸጥ ኃጢአት ይሠራል፤ ሽያጩም ዐመፃ ነው። ሳያውቅ ቢሸጥ ኃጢአት የለበትም፤ ነገር ግን ጉድለቱን ባወቀ ጊዜ ገዢውን መካስ አለበት። ይህ ለሽያጭ ብቻ የተነገረ አይደለም ብለን እናምናለን። ብዙ ሰው ጥፋተኛ አለመሆንንና ባለዕዳ አለመሆንን አንድ አድርጎ ያያልና። መካኒኩ «በተንኮል አላደረግሁትም» ሲል፣ ስለ ነፍሱ እውነት ተናገረ፤ ስለ ሒሳቡ ግን ገና ምንም አልተናገረም። በዚያው ቦታ ቅዱስ ቶማስ ግዴታው በገዢው ላይም እንደሚወድቅ ያስተምራል፤ ሻጩ ሳያውቅ ከዋጋው በታች ቢሸጥለት፣ ነገሩን የተረዳው ገዢ ልዩነቱን መመለስ አለበት። እንግዲህ የግራዥ ሒሳብ ሲደመር የተረሳ ዕቃ እንዳለ እያየ ዝም ብሎ የሚወጣ ደንበኛም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል።

ከዚህ በመነሣት ለምሳሌያችን የእኛን ፍርድ እንናገር። ሌላ አስተያየት ያለው አንባቢ ቢኖር አንቀየምም። ሁሉም ነገር የሚወሰነው መካኒኩ መጀመሪያ በተናገረው ቃል ነው። «ምክንያቱ ራዲያተሩ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት ከተናገረና ደንበኛው በዚህ ቃል ታምኖ ከከፈለ፣ ለሳተበት የእጅ ዋጋውን መመለስ ወይም ከመጨረሻው ሒሳብ ላይ መቀነስ ይገባዋል፤ የሸጠው እጁን ብቻ ሳይሆን እርግጠኝነቱንም ነበርና። አዲሱ ፓምፕ ግን በመኪናው ላይ ቀርቷል፤ አሮጌው በእውነት ያፈስ ከነበረ ደንበኛው የዕቃውን ዋጋ ሊያስመልስ አይችልም፤ በሰው ገንዘብ መኪናውን ማደስ ይሆንበታልና። መካኒኩ «እርግጠኛ አይደለሁም፤ በትንሹ እንጀምር፤ ካልሆነ ሞተሩን እንከፍታለን» ብሎ፣ ደንበኛውም ሞተር የማስከፈቱን ወጪ ፈርቶ «በትንሹ ጀምር» ካለ ግን ሙከራው የሁለቱም ነው፤ ሙሉ ዋጋ ይከፈላል። መካኒኩ ባለማወቁ አንወቅሰውም፤ የምንወቅሰው አለማወቁን ሲሸፍን ነው። «አላውቅም» የሚለው ቃል በጋራዥ ውስጥ ቢለመድ ኖሮ ከክርክሩ እኩሌታው አይነሣም ነበር። ደንበኛውም ይህን ቃል ሰምቶ ወደ ሌላ «አዋቂ» ባይሮጥ መልካም ነው፤ እርግጠኛ መስሎ የሚናገረውን የምንመርጥ እኛው ነን፤ መካኒኮችን ውሸት የምናስተምራቸውም በዚሁ ነው።

መኪናው ለቆመባቸው ቀናት የሚጠየቀው ካሣ በተለይ መታየት አለበት። ተራ በመጠበቅ፣ ዕቃ በመጥፋት፣ መብራት በመቋረጥ ለጠፋው ቀን መካኒኩ ሊጠየቅ አይገባም። «ነገ ይደርሳል» እያለ ሌላ ደንበኛ አስቀድሞ፣ ያንን መኪና ሆዱን ከፍቶ በጥግ ካቆመው ግን ይጠየቃል። በየጋራዡ የምንሰማው ይህ «ነገ» በብዙዎች ዘንድ እንደ ውሸት አይቆጠርም፤ እንደ ሰላምታ ነው የሚታየው። የቁምስናችን አሮጌ መኪና በአንድ ወቅት በእንዲህ ያለው «ነገ» ምክንያት የበዓል ሳምንት አልፎ ወጣች፤ ሁለት የገጠር ጸሎት ቤቶችም በዚያ በዓል ቅዳሴ ሳያገኙ ቀሩ። የአንድ ሰው «ነገ» የሌላው ሰው ቀን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። ክርክሩ ሲጋጋል መካኒኩ ቁልፉን ኪሱ ይከትና «ሳትከፍል መኪናዋ ከዚህ ግቢ አትወጣም» ይላል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ትእዛዛት ተጽፈው እናገኛለን። በቁጥር 6 የሰውን ወፍጮ ወይም የወፍጮውን መጅ መያዣ አድርጎ መውሰድ ተከልክሏል፤ ይህ የሰውን ሕይወት መያዣ ማድረግ ነውና። በቁጥር 14 እና 15 ደግሞ የድኻውን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይጠልቅ መክፈል ታዝዟል፤ ነፍሱ በዚያ ላይ ተንጠልጥላለችና። ለታክሲው ባለቤት ሚኒባሱ ወፍጮው ነው። ለመካኒኩም የእጁ ዋጋ የዕለት እንጀራው ነው፤ በሥሩም ከአራት ያላነሱ ልጆች፣ እጃቸውን በቤንዚን የሚታጠቡ ተለማማጆች፣ የምሳ ገንዘባቸውን ከዚያች ሒሳብ ይጠብቃሉ። ሁለቱም ትእዛዛት የአንድ አምላክ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ላይ ማንሣት አይገባም።

ስለዚህም እንዲህ ቢደረግ የተሻለ ነው እንላለን፤ ደንበኛው ያላከራከረውን ገንዘብ ሁሉ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ይክፈል። «ሁሉም ሲታረቅ እከፍላለሁ» ማለት ያልተካደውንም መካድ ነው። ያከራከረው ገንዘብ ሁለቱም በሚያምኑት በሦስተኛ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ ይህ ካልተቻለ ዋስ ይጠራ፤ በወረቀትም ይጻፍ። ከዚያም ቁልፉ ይሰጥ፤ ወፍጮው ይዙር። መኪናዋ ለመዝናኛ ብቻ የምትያዝ ከሆነች መካኒኩ እስኪከፈለው ቢያቆያት ጭካኔ አንለውም፤ እንጀራ የምታበላ ከሆነች ግን ቁልፍ መደበቅ ከዕዳ ማስከፈል አልፎ ቤተሰብን ማስራብ ይሆናል። ይህን የተቀበለ ደንበኛ ደግሞ መኪናውን ካወጣ በኋላ ስልኩን ዘግቶ ቢጠፋ፣ በሠራተኛው ደመወዝ ላይ የተፈጸመው በደል ወደ ሰማይ የሚጮኽ መሆኑን ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 አስጠንቅቋል።

ስለ መለዋወጫ ዕቃ ጥቂት እንበል። በአዲስ አበባ መርካቶ በሶማሌ ተራ ያልተገኘ የመኪና ዕቃ የለም ይባላል፤ ኦርጂናሉም፣ ተመሳስሎ የተሠራውም፣ ከሌላ መኪና የተፈታውም። ያገለገለ ዕቃ መግጠም በራሱ ነውር የለበትም፤ ለድኻው መኪና ብዙ ጊዜ ያለው አማራጭ እርሱ ነው። ነውሩ ያገለገለውን አዲስ ብሎ፣ ተመሳስሎ የተሠራውን ኦርጂናል ብሎ ማስከፈል ነው። መካኒኩ ከዕቃ ሻጩ የሚቀበለው ኮሚሽንም እንዲሁ፤ ደንበኛው ካወቀው የድካም ዋጋ ነው፤ ካላወቀው ግን ከገዛ ገንዘቡ በስውር የተነሣ ነው። የድርጅት ሹፌሮችና ጋራዦች ተስማምተው የሚያስጽፉት የተጋነነ ደረሰኝማ ስም አያስፈልገውም። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በሰባተኛው ትእዛዝ ሥር፣ በቁጥር 2409፣ ደረሰኝ ማጭበርበርንም በግዴለሽነት የተሠራ ሥራንም በአንድነት ይጠቅሳል። ብዙዎቻችን ስርቆትን የምናውቀው በእጅ ሲወሰድ ነው፤ ብሎን ሳያጠብቁ መተውም በዚያው ሥር እንደሚቆጠር አናስተውልም። ደንበኛውም ዕቃውን ራሱ በርካሽ ገዝቶ አምጥቶ፣ በወሩ ሲሰበር መካኒኩን «አንተ ነህ ያበላሸኸው» እንዳይል። አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ይህች ትንሽ ልማድ ከብዙ መሐላ ትበልጣለች።

አስታራቂ ሆነው ለሚጠሩት የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የምንለው አለን። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የበደለንን ወንድም አስቀድመን ለብቻው እንድንነግረው፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘን እንድንመለስ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ለጉባኤው እንድናሰማ አስተምሯል። ቅደም ተከተሉ ለጋራዥም ይሠራል። ለብቻው ማለት ሌሎች ደንበኞችና ተለማማጆች በሌሉበት ማለት ነው፤ በልጆቹ ፊት «ሌባ» የተባለ ሊቀ ሙያ ከእንግዲህ እውነቱን ሳይሆን ክብሩን ነው የሚከላከለው። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ ሙያውን የሚያውቅ ይሁን። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ መካኒክ የሌላውን መካኒክ ሥራ ሲያይ መጀመሪያ የሚናገረው ቃል «ይህን ማን ነው ያበላሸው?» የሚል ነውና። ስለዚህ ሥራውን ከሚሻማው ጎረቤት ጋራዥ ይልቅ በዕድሜ የበሰለ፣ ከሁለቱም ጥቅም የሌለው ባለሙያ ይፈለግ።

የሽማግሌዎቻችን ልማድ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ለሁለት ከፍሎ «ለአንተም ይሁን፣ ለአንተም ይሁን፤ ተሳሳሙ» ማለት ነው። ይህን ልማድ አንነቅፈውም ማለት አንችልም። እውነት በአንዱ ወገን ሙሉ በሙሉ ስትሆን እኩል መክፈል ዐመፃን ለሁለት ከፍሎ ማጽደቅ ነው፤ የተበደለውም ሰው ስሞ ይወጣል እንጂ ታርቆ አይወጣም። አስቀድሞ እውነቱ ይታወቅ፤ መካኒኩ መጀመሪያ ምን አለ? ደንበኛው ምን ጠየቀ? አሮጌው ዕቃ የት አለ? ከዚያ በኋላ ባለመብቱ ከመብቱ ላይ ሊተው ቢወድድ ይህ ምሕረት ነው፤ ምሕረት ግን ከሽማግሌ ኪስ አይወጣም፤ የባለመብቱ ስጦታ ነው።

ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ኃጢአት ነውን ብለው የሚጠይቁን አሉ። አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 6 የገሠጻቸው በመካከላቸው የሚያስታርቅ አንድ ጠቢብ በማጣታቸው ነው፤ ድኻው መብቱን እንዳይጠይቅ ለማድረግ አይደለም። የአገሪቱ ሕግም ለዕርቅ ቦታ ሰጥቷል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237 ይህንኑ ይመለከታል። ዕርቁ ሳይሳካ ቢቀር ደረሰኝና የተጻፈ ውል የያዘ ሰው የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ወይም ፍርድ ቤት ቢጠይቅ ክርስትናውን አላጎደለም። በታክሲ ተራ ቆሞ የጋራዡን ስም እየጠራ «እዚያ እንዳትሄዱ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የሹፌሮች ወሬ አንድን ጋራዥ በወር ውስጥ ሊያስዘጋ ይችላል። የተነገረው ሐሰት ከሆነ ወይም ከእውነቱ የበዛ ከሆነ ተናጋሪው የስም ዕዳ አለበት፤ ይህም ከገንዘብ ዕዳ ይልቅ ለመክፈል ያስቸግራል፤ በተናገረበት ተራ ሁሉ ተመልሶ መቆምን ይጠይቃልና።

በመጨረሻ በኑዛዜ ጊዜ ስለሚነሣ አንድ ጥያቄ። መካኒኩ ከዓመታት በኋላ ሕሊናው ወቅሶት፣ ለብዙ ደንበኞች አሮጌ ዕቃ አዲስ ብሎ መግጠሙን ይናዘዛል፤ «ሰዎቹን አሁን የት አገኛቸዋለሁ?» ይላል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቆየ ነው፤ ኃጢአቱ በንስሐ ይሰረያል፤ የተወሰደው ግን መመለስ አለበት፤ ባለቤቱ ተፈልጎ ካልተገኘ ለድኾች ይሰጣል። ዘኬዎስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ያደረገውም ይህን ይመስላል፤ ካሣውንም ምጽዋቱንም በአንድ ቀን ተናገረ። ነገር ግን የተገጠመው ዕቃ የፍሬን ሸራ ወይም የመሪ ክፍል ከሆነ ምጽዋት በቂ አይደለም። የፕላስቲክ ሽፋን ቢሰበር ገንዘብ ይጠፋል፤ ፍሬን እምቢ ቢል ግን በሚኒባሱ ውስጥ የተሳፈሩት ሁሉ፣ በመንገዱም ዳር የሚሄዱት ይጠፋሉ። እንዲህ ያለው ሰው «ያፍርብኛል፣ ይከስሰኛል» ብሎ ሊዘገይ አይገባውም። ሰሌዳ ቁጥሩ በደብተሩ ላይ አለ፤ ስልኩም ሳይኖር አይቀርም፤ ካህኑም ፍታት ከመስጠቱ በፊት በዚያው ዕለት ደውሎ መኪናውን እንዲያስጠራና ሸራውን በራሱ ወጪ እንዲለውጥ ቃል ሊያስገባው ይገባል።